ታፕ ላይ ግማሽ ትራፊክ ብቻ ሲታይ፦ የቦንድ ችግርና መፍትሄ

ጂማ ውስጥ ኔትወርክ የምትነኩ ልጆች፣ በዚህ ጉዳይ መደወላችሁ ስላልቆመ ጻፍኩት። ታፕ ማለት ኬብሉ መሃል ገብቶ የሚያልፈውን ትራፊክ ኮፒ አድርጎ ለክትትል የሚሰጥ ሳጥን ነው፣ ቦንድ ደግሞ ሁለት የኔትወርክ ካርድ እንደ አንድ ማሰራት ነው። ኬብሉ ተሰክቷል፣ ካርዶቹ አፕ (ክፍት) ናቸው ብዬ ነው የምጀምረው።

ምልክቱ፦ ቦንዱ ላይ ቲሲፒደምፕ (ፓኬት ማያ ፕሮግራም) ስትከፍቱ ሲን ሲን ሲን (ግንኙነት ጠያቂው ፓኬት) ብቻ ይደረደራል፣ ሲን አክ (መልሱ) የሚባል ነገር የለም። ወይ የተገላቢጦሽ።

ምክንያቱ፦ ፓሲቭ ታፕ የሚሄደውንና የሚመጣውን በሁለት ፖርት ለያይቶ ነው የሚያወጣው፣ ሁለት ካርድ ቦንድ የምናደርገውም ለዛ ነው። ታዲያ ሰው ለተራ ሰርቨር የተጻፈ ኮንፊግ ኮፒ ያደርግና ሞዱ (ቦንዱ ካርዶቹን የሚያሰራበት መንገድ) አክቲቭ ባካፕ ሆኖ ቁጭ ይላል። እሱ ሞድ አንዱን ካርድ ተጠባባቂ ያደርገዋል፣ ተጠባባቂው ላይ የገባውን ፓኬት ሊኑክስ ዝም ብሎ ይጥለዋል። የሚያናድደው ዲፎልቱ (ካልነካችሁት የሚሆነው) ሁለቱንም ካርድ የሚያሰራው ባላንስ አርአር ነው፣ ባይነካ ኖሮ ይሰራ ነበር!

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ሆቴል ኢንተርኔቱን ማን እንደሚጨርሰው ሊያዩ አስገጥመው ሪፖርቱ ላይ አፕሎድ ብቻ፣ ዳውንሎድ የለም፤ የገጠመው ልጅ ታፑ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ሊያስገዛቸው ነበር። ካርዶቹን ለየብቻ በቲሲፒደምፕ ስንከፍታቸው አንዱ ላይ ሲኑ፣ አንዱ ላይ ሲን አኩ። ታፑ ምን አደረገ?

መፍትሄው፦ ፕሮክ ኔት ቦንዲንግ (/proc/net/bonding) ስር ያለውን ፋይል ካት አድርጋችሁ አንብቡ፣ አክቲቭ ባካፕ ካለ ተገኘ። ካርዶቹ ውስጡ እያሉ ሞድ ልቀይር ብትሉ እምቢ ይላችኋል፤ ሁለቱንም አውጡ፣ ቦንዱን ዳውን አድርጉ (ዝጉት)፣ ባላንስ አርአር አድርጉት፣ ካርዶቹን ዳውን እንዳሉ መልሱ፣ ከዛ ሁሉንም አፕ። ይሄን ደግሞ ኔትፕላን (የኡቡንቱ ኔትወርክ ኮንፊግ) ላይ ጻፉት! አጂፕ ጋ አንድ ቢሮ በትእዛዝ ብቻ አስተካክለው ሄዱ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ወደ ድሮው ተመለሰ፣ የጂማን መብራት እያወቁ።

ቦንዱ ላይ አይፒ አታስገቡ፣ ዲኤችሲፒም (አይፒ በራሱ የሚጠይቀውን) አትክፈቱ፣ ከታፕ መልስ አይመጣም፣ ኡቡንቱ ሲነሳ 2 ደቂቃ ይገትራችኋል። ማኔጅመንቱ ሌላ ካርድ ላይ ይሁን።

ፓኬት ከ1500 ባይት በላይ ሆኖ ከታየ በሁለቱም ካርዶች ላይ ጂአርኦና ኤልአርኦን (የገቡ ፓኬቶችን አጣብቀው የሚያሳልፉትን) በኢትቱል (የካርድ ማስተካከያ ትእዛዝ) አጥፉ። ሲን አክ አልፎ አልፎ ከሲን ቀድሞ ቢታይ አትደንግጡ፣ ሁለት ካርድ ስለሆነ ነው። ፍሪቢኤስዲ (ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ላይ ላግን (የሱን ቦንድ) በፌይልኦቨር (አንዱ ካርድ ተጠባባቂ የሚሆንበት ሞድ) ካደረጋችሁት ያው በሽታ ነው።

በቦንድ ፋንታ ብሪጅ (ካርዶቹን እንደ ስዊች ማገናኘት) ይሻላል የሚላችሁን ግን አትስሙ፣ በተለይ በታፕ ፋንታ ከስዊች ሚረር ፖርት (ስዊቹ ራሱ የትራፊክ ኮፒ ከሚያወጣበት) የምትወስዱ ከሆነ፣ ከአንዱ የገባውን በሌላው መልሶ ስዊቹ ላይ ይተፋዋል።