የተረከባችሁት የምርምር ኮድ እንቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

«ፋይሉ አልተገኘም» ካለ፣ ኮዱ ውስጥ የባለቤቱ ዴስክቶፕ አድራሻ ተጽፏል። ዳታውን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አስገቡና አድራሻውን ከዚያ አስጀምሩት።

«አፔንድ የለም» ካለ፣ ፓንዳስ (የፓይተን የሠንጠረዥ ላይብረሪ) ይህን ረድፍ መጨመሪያ ትእዛዝ በስሪት 2.0 አውጥቶታል፤ በኮንካት ተኩት። ስታስረክቡ የየላይብረሪውን ስሪት ቁጥር ሪኳየርመንትስ ፋይል (የሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ዝርዝር) ላይ ጻፉ። «አዲሱን ጫኑ» መመሪያ አይደለም።

ኖትቡኩ (ኮዱ በየሳጥኑ የሚሄድበት ፋይል) በየሩጫው የተለያየ ቁጥር ከሰጠ ከርነሉን (ኮዱን የሚያስኬደውን ሞተር) ሪስታርት አድርጋችሁ ከላይ እስከ ታች አስኪዱት።

ሐዋሳ ላይ በዝናብና በሐይቅ ዳታ የሚሠራን ሰው የሚያደክመው ግን ምንም ስህተት ሳያሳይ የሚሮጠው ኮድ ነው። የዝናብ ግራፉ ላይ ኤፕሪል ደረቅ፣ ኖቬምበር ዶፍ ከሆነ፣ ወይም የሐይቁ ከፍታ ከሳተላይቱ ዝናብ ጋር አልገጥም ካለ፣ ሌላ ቦታ አትድከሙ፤ ችግሩ ያለው የቀን ዓምዱ ላይ ነው። መዝጋቢው በወረቀት የያዘው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ፓንዳስ ደግሞ ዝም ብሎ እንደ ፈረንጅ ያነበዋል። ታኅሣሥ 4ኛ ወር ስለሆነ ኤፕሪል ይሆናል፣ ሐምሌም ኖቬምበር።

መጀመሪያ ላይ እኮ ኮዱ ጮኾ ነበር። ጥቅምት 30፣ 2014 ማለት 30/02/2014 ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለውም። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ነው። ያኔ አንዱ «ኮኧርስ» (ያልተነበበውን ቀን ባዶ አድርገህ እለፍ የሚል ትእዛዝ) ጨምሮ አፉን ያዘጋዋል፣ ባዶ የሆኑትን ረድፎች ደግሞ ይሰርዛል። ከ2014 ዓ.ም. 365 ረድፎች የሚቀሩት 358 ናቸው፦ 5 የጳጉሜን ቀናትና ጥቅምት 29 እና 30 ጠፍተዋል። 358 ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ጳጉሜን 3ን ነሐሴ 30 አድርጎ የሚጠግንም አለ፤ ይሄ ከመሰረዝም ይብሳል፣ አንድ ቀን ሁለት ዝናብ ይኖረዋልና።

መፍትሄው፦ ዓመት፣ ወርና ቀኑን ለያይታችሁ በሦስት ዓምድ እንደ ተራ ቁጥር አንብቡ። ከዚያ 2400 + 365×ዓመት + (ዓመት÷4፣ ቀሪው ተጥሎ) + 30×ወር + ቀን አስሉ። ድምሩን ለፓይተን «ዴት ፍሮምኦርዲናል» ስትሰጡት የፈረንጁን ቀን ይመልሳል። መፈተሻ፦ መስከረም 1፣ 2000 ሴፕቴምበር 12፣ 2007 መሆን አለበት፤ ጳጉሜን 6፣ 2011 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2019። ሁለቱንም ፈተናዎች ኮዱ ውስጥ ተዉአቸው።

ዋናውን ዓምድ አታጥፉ፤ «ቀን_ኢት» በሉትና አዲሱን «ቀን_ፈረንጅ» ብላችሁ አጠገቡ አኑሩ። ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል) ላይም ዳታው በየትኛው አቆጣጠር እንደገባ ጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ቀጣዩ ተረካቢ የተቀየረውን ደግሞ ይቀይረዋል፤ ዳታው ሌላ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ግድም ወደፊት ይሄዳል።

ኤክሴል ላይ ከፊሉ ቀን በግራ፣ ከፊሉ በቀኝ ከተሰለፈ፣ ኤክሴል 12 እና ከዚያ በታች የሆኑትን ቀናት ከወር ጋር አቀያይሯል። እዚያው አትጠግኑት፤ ዓምዱን ቴክስት አድርጋችሁ ከወረቀቱ እንደገና አስገቡ።

የአማርኛው ርዕስ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ከመጣ ሲኤስቪው (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት የጽሑፍ ፋይል) ውስጥ ፊደሉ ጠፍቷል። ወደ ኤክሴሉ ፋይል ተመለሱና «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» በሚለው አስቀምጡ።