ከሁለት ቁጥር ሙሉ አቶም ማውጣት

የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ላስጠና ስቀመጥ መጀመሪያ ከጠረጴዛ የማስነሳው ባለቀለም እርሳሱን ነው። ቀይ ፕሮቶን፣ ሰማያዊ ኤሌክትሮን፣ አረንጓዴ ኒውትሮን። ደብተሩ ያምራል። «ይሄ የምን አቶም ነው?» ሲባል ግን ጸጥ። ስዕል በመሸምደድ አቶም አይገባም። የሚያስፈልጋችሁ እርሳስ፣ ላጲስና ሁለት ቁጥር ብቻ ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው በሶዲየም ነው። ኩሽና ካለው ጨው ግማሹ እሱ ነው፤ ግማሹ ክሎሪን። በክብደት ሳይሆን በአቶም ብዛት ማለቴ ነው።

ከሶዲየም ምልክት ጎን 11 እና 23 ተጽፎ ታገኛላችሁ። ትንሹ አቶሚክ ነምበር፣ ትልቁ ማስ ነምበር ይባላል። የቱ ከላይ የቱ ከታች እንደሚጻፍ አትጨነቁ፤ መጽሐፉና ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ሁልጊዜ አይስማሙም። ትንሹን ያዙ። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ተራው ሃይድሮጅን ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ 1 እና 1 ስለሆነ አያሳስትም።

አቶሚክ ነምበር የፕሮቶን ብዛት ነው። ሶዲየም 11 ፕሮቶን አለው፣ አለቀ። አንድ ቢጨመርበት ማግኒዥየም ይሆናል፣ አንድ ቢቀነስበት ኒዮን። ኒውትሮኑ ቢበዛም ቢያንስም፣ ኤሌክትሮኑ ቢሄድም ቢመጣም ስሙ አይቀየርም።

ይህን በልኬት ያሳየው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ከንጥረ ነገሮች የሚወጣውን ኤክስሬይ ሲለካ፣ የሠንጠረዡ ተራ ቁጥር በኒውክለሱ (በአቶሙ እምብርት) ውስጥ ካለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ጋር እንደሚገጥም አገኘ። ከዚያ በፊት አንድ የሚያስቸግር ነገር ነበር። ንጥረ ነገሮችን በክብደት ከደረደርን ፖታሲየም (39.10) ከአርጎን (39.95) መቅደም አለበት። ጠባያቸው ግን ቦታ እንዲቀያየሩ ያስገድዳል። በፕሮቶን ሲቆጠር ነገሩ ቀላል ሆነ፤ አርጎን 18፣ ፖታሲየም 19። ሞዝሊ በ1915 ጋሊፖሊ ጦር ሜዳ ላይ በ27 ዓመቱ ሞተ። ፈተና ላይ አይመጣም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም።

ማስ ነምበር የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ስለሆነ ኒውትሮን በመቀነስ ይገኛል። 23 ሲቀነስ 11፣ 12። ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ መሃል ላይ፣ ኒውክለስ ውስጥ፣ ታጭቀው ይቀመጣሉ። ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው። ፕሮቶን ፖዘቲቭ ሲሆን ኒውትሮን ቻርጅ የለውም። ቻርጅ ስለሌለው ለመገኘትም ዘግይቷል፤ ጄምስ ቻድዊክ መኖሩን ያሳየው በ1932 ነው።

አሁን ወጥመዱ መጣ። «ክሎሪንንም በዚያው መንገድ ሥሩት» ስል ልጆቹ ሠንጠረዡን ያያሉ፤ 17 እና 35.5። ቀንሰው 18.5 ኒውትሮን ይጽፋሉ። ግማሽ ኒውትሮን! እስኪ የት ተገምሶ እንደተቀመጠ አሳዩኝ። 35.5 የአንድ አቶም ቁጥር አይደለም፤ አማካይ ነው። በተፈጥሮ ከሚገኙ 100 የክሎሪን አቶሞች 76 ያህሉ ማስ ነምበራቸው 35፣ 24 ያህሉ ደግሞ 37 ነው። የመጀመሪያው 18፣ ሁለተኛው 20 ኒውትሮን ይይዛል። ሁለቱም 17 ፕሮቶን ስላላቸው ሁለቱም ክሎሪን ናቸው። አይሶቶፕ ማለት ይሄ ነው። ደብተራችሁ ላይ 76 በ35፣ 24 በ37 አባዙ፣ ደምሩ፣ ለ100 አካፍሉ። 35.48 ይመጣል።

«ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግተን ብንቀንስስ?» የሚል ብልጥ ልጅ አይጠፋም። ለሶዲየም ይሠራል፤ ሠንጠረዡ ላይ 22.99 ነው፣ በተፈጥሮ የሚገኘውም ከሞላ ጎደል በሙሉ 23 ነው። ብሮሚን ላይ ግን ጉድ ይሠራችኋል። 79.90 ይላል፤ ስታጠጋጉት 80። ማስ ነምበሩ 80 የሆነ ብሮሚን ግን ተፈጥሮ ውስጥ አታገኙም። ያለው 79 እና 81 ነው፣ ግማሽ በግማሽ ሊባል በሚችል መጠን። ስለዚህ ማስ ነምበር ጥያቄው ላይ ከተሰጣችሁ በእሱ ሥሩ፤ ካልተሰጣችሁ የትኛው አይሶቶፕ እንደሆነ ጠይቁ።

ኤሌክትሮን ቀላሉ ነው። ቻርጁ ኔጋቲቭ ነው፤ ስለዚህ አቶሙ ቻርጅ ከሌለው ኤሌክትሮኑ ከፕሮቶኑ እኩል ነው። ለሶዲየም 11። እነዚህን በሼል፣ ማለትም በኒውክለሱ ዙሪያ ባሉ ደረጃዎች፣ እንደረድራለን፤ የመጀመሪያው 2 ይይዛል፣ ሁለተኛው 8። የተረፈው 1 ሦስተኛው ላይ ይቀመጣል። 2፣ 8፣ 1 ብላችሁ ጻፉት።

ፖታሲየም ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፋር ውስጥ አሞሌ ከሚቆረጥበት ከዳናክል ፖታሽም አለ፤ ፖታሲየም ያለው እሱ ውስጥ ነው። 19 ኤሌክትሮን አለው። ልጆች 2፣ 8፣ 9 ይላሉ፤ ምክንያትም አላቸው፣ ሦስተኛው ሼል እስከ 18 ይይዛል ተብሎ ተነግሯቸዋል። ልክ ነው፣ ይይዛል። ግን 8 ከገባበት በኋላ ለቀጣዩ ኤሌክትሮን አራተኛው ሼል ላይ መቀመጥ ያነሰ ኃይል ይጠይቀዋል። ስለዚህ 2፣ 8፣ 8፣ 1 ነው። ካልሲየምም (20) 2፣ 8፣ 8፣ 2። ከ21ኛው ከስካንዲየም ጀምሮ ወደ ሦስተኛው ተመልሶ መሙላት ይጀምራል፤ ያንን ለከፍተኛ ክፍል እንተወው።

ብዙ ማርክ የሚበላው አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ያለው አቶም ነው። ሶዲየም ውጪ ያለችውን አንዷን ኤሌክትሮን ለክሎሪን ሲሰጥ 2፣ 8 ይቀርለታል። 11 ፕሮቶን፣ 10 ኤሌክትሮን። አንድ ፖዘቲቭ ስለበለጠ +1 ይጻፍበታል። መደመሪያ ምልክት ያየ ልጅ ፕሮቶን የተጨመረ ይመስለዋል። ፕሮቶን ከኒውክለስ ወጥቶ አይሄድም፣ ቢሄድማ ሶዲየም መሆኑ ይቀራል። የሚንቀሳቀሰው ኤሌክትሮን ብቻ ነው። መደመሪያ ማለት ኤሌክትሮን ጎደለ፣ መቀነሻ ማለት ኤሌክትሮን ተጨመረ። ተቀባዩ ክሎሪን 18 ኤሌክትሮን ይዞ −1 ሆነ፤ ሁለቱ ተሳሳቡና ጨው ተሠራ።

አሁን ሳሉ፤ መሃል ላይ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ክቦች። ግን ስዕሉ በመጠን እንደሚዋሽ እወቁ። የኒውክለሷን ነጥብ አንድ ሚሊሜትር ካደረጋችኋት የሶዲየም አቶም ስፋት ከ50 ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን ባዶነት ያወቅነው ከማንቸስተር ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ጋይገርና ማርስደን አልፋ የሚባሉ ፖዘቲቭ ቅንጣቶችን በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ሲተኩሱ አብዛኞቹ ሳይነካቸው አለፉ፤ እጅግ ጥቂቶቹ ወደ ኋላ ነጠሩ። ራዘርፎርድ ከዚህ ተነስቶ በ1911 መሃል ላይ ጥቃቅን ኒውክለስ አለ አለ። ክብደቱም ያለው እዚያው ነው፤ አንድ ፕሮቶን 1,836 ኤሌክትሮን ያህል ይከብዳል። ክቦቹም ቢሆኑ በቦር የ1913 ሞዴል መሠረት ለመቁጠር የምንጠቀምባቸው ናቸው፤ ኤሌክትሮን በእውነት እንደዚያ በመስመር አይዞርም።

ሦስት ጥያቄ ልስጣችሁ፤ መልሱን ሸፍናችሁ ሞክሩ። ካልሲየም 40፣ ቻርጅ የሌለው። ማግኒዥየም 24፣ +2። ክሎሪን 37፣ −1።

ካልሲየሙ 20 ፕሮቶን፣ 20 ኒውትሮን፣ 20 ኤሌክትሮን። ማግኒዥየሙ 12፣ 12፣ 10፤ ሼሎቹ 2፣ 8። ክሎሪኑ 17፣ 20፣ 18፤ ሼሎቹ 2፣ 8፣ 8። «ይሄማ የአርጎን ነው» ያላችሁ የኤሌክትሮኑን አደራደር በደንብ አይታችኋል፤ ፕሮቶኑን ግን ድጋሚ ቁጠሩ። 16 ኤሌክትሮን ያወጣችሁ ደግሞ መቀነሻውን አይታችሁ ኤሌክትሮን ቀንሳችኋል፤ ስለ አዮን የጻፍኩትን እንደገና አንብቡት።