ፎቶዎቼን ከሞላ ስልክ ያወጣሁበት መንገድ

ስልኬ «ቦታ የለም» እያለ ፎቶ አላስነሳ ሲለኝ ፎቶዎቹን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማከማቻ) ላይ ለማስቀመጥ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ዋጋውን ሳይሆን ፎቶ ሲሰረዝ ምን እንደሚሆን ነው። ጉግል ፎቶስም የአፕሉ አይክላውድም ከስልኩ ጋር አብረው ነው የሚሄዱት፤ አፑ ውስጥ የሰረዛችሁት ክላውዱ ላይም ይሰረዛል። አይክላውድ 30 ቀን፣ ጉግል 60 ቀን ያቆይላችኋል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ጉግል ፎቶስ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ መንካት ያለባችሁ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ነው፤ እሱ ከስልኩ ላይ ብቻ ያነሳል።

ነጻው ቦታ አይክላውድ ላይ 5፣ ጉግል ላይ 15 ጊጋባይት ነው። 15ቱን ግን ጂሜይልና ድራይቭም ይካፈሉታል፤ ሲሞላ ኢሜይል መቀበሉም ይቆማል። ቤታችን አንድሮይድም አይፎንም ስላለ ጉግልን መርጬ የ100 ጊጋባይቱን ጥቅል ገዛሁ። ጥራቱን «ኦሪጅናል» ላይ አደረግኩት። ሌላው አማራጭ ፎቶውን ያሳንሰዋል፣ ለሠርግና ለክርስትና ፎቶ አልመርጠውም። የቴሌግራምና የዋትስአፕ ፎልደሮችን ከባክአፑ አስወጣሁ (ግማሹ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ምስል ነው!)። በሞባይል ዳታ እንዳይጭንም ዘግቼ ሌሊት ሌሊት በዋይፋይ ለቀቅኩት።

አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ግን አይዋጥልኝም። ሁሉንም በጉግል ቴክአውት (ጉግል ላይ ያስቀመጥነውን በአንዴ ማውረጃ) አውርጄ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። ታሽጎ የወረደው ዚፕ ፋይል ሲፈታ ከየፎቶው ጎን ጄሰን (.json) የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ታገኛላችሁ። ቆሻሻ መስሏችሁ አትሰርዙት፣ ፎቶው የተነሳበት ቀን እዚያ ውስጥ ተጽፏል።