አልንሸራተት ያለ የቁም ሳጥን በር፦ ቤታችን ውስጥ እንዴት እናስተካክለዋለን

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። የእኔ ቀሚስ ግን አንድ ዓመት በከተራ ዕለት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ሊቀር ነበር። ተንሸራታቹ በር አልነቃነቅ አለ። ጎንደር ላይ በከተራ ቀን አናጺ ማግኘት ዘበት ነው፤ ሰው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጥቷል። በግድ ራሴ ተማርኩ።

የሚያስፈልጋችሁ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ እና ጧፍ ነው። (ካቻቪቴና ቪቴ የሚሉት ቃላት እንደ ፒያሳ ሕንፃዎች ጣሊያን ትቶልን የሄደው ናቸው።)

መጀመሪያ ሐዲዱን ጥረጉ። የበጋ አቧራ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። በብሩሹ ፈልፍሉት፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የእኔ በር ጎማ (በሩ ሐዲዱ ላይ የሚንከባለልበት ትንሽ እግር) ሥር የተገኘው አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ናት! ሐዲዱ እንጨት ከሆነ ጧፍ እሹበት። የምግብ ዘይት ግን አታስነኩት፤ አቧራ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል።

አሁንም ካልሄደ በሩን ዝጉና በበሩና በቋሚው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ ከቋሚው ራቅ ያለው የበሩ ጎን ወርዷል ማለት ነው። ከታች ከሰፋ ደግሞ የወረደው ለቋሚው የቀረበው ጎን ነው። በታች በኩል በሩ ጠርዝ ላይ፣ ጎማው አጠገብ፣ የጎማው ማስተካከያ ቪቴ አለ፤ አንዳንዴ በትንሽ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ይገኛል። ሌላ ሰው በሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝላችሁ። የወረደውን ጎን ቪቴ ግማሽ ዙር አዙሩና እዩ። ከባሰበት በተቃራኒው አዙሩ። አትቸኩሉ።

ጎማው ከተሰነጠቀ በሩ መውለቅ አለበት። ሁልጊዜ የፊተኛውን አስቀድሙ። በሁለት እጅ ወደ ላይ አንሱት፤ ታችኛው ጠርዝ ሐዲዱን ሲለቅ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። መስታወት ካለው ብቻችሁን አትሞክሩት። አዲስ ጎማ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠኑ ትንሽ ከተለየ አይገባም።

ታጣፊ በር ሌላ ነው። ከላይና ከታች በሚዞርባቸው ዘንጎች ላይ ነው የቆመው። ወለሉን የሚፈጭ ከሆነ ክብደቱን አንሱለትና የታችኛውን ዘንግ አዙራችሁ ከፍ አድርጉት። ወደ ጎን ከተጋደለ የላይኛውን መያዣ ቪቴ አላሉ፣ መያዣውን ገፋ አድርጉ፣ መልሳችሁ አጥብቁ። ማጠፊያው ላይ ቪቴ መያዝ ካቃተው ቀዳዳውን የክብሪት እንጨትና ኮላ ሙሉት። ነገ ሲደርቅ የተረፈውን እንጨት ቆርጣችሁ ቪቴውን እሰሩ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ በክረምት በሩ ጠበበ ብላችሁ መላጊያ አታንሱ። እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል። ቺፑድማ ከተላገ በኋላ የባሰ ውሃ ይጠጣል። እኔ በነሐሴ የላግኩት በር በጥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አወጣ። እስከ ዛሬ በጨርቅ ወትፌው አለ።