ውሻ ይዞ ጦሳን መውጣት

ደሴ አጠገብ ያለውን የጦሳ ተራራ ከውሻ ጋር መውጣት ብዙም አይከብድም። የሚከብደው መንገድ ላይ የሚያጋጥማችሁ የሰው በግና የሰው ውሻ ነው። ስለዚህ ከጫማም ከስንቅም በፊት ገመድ። ከቤት ወጥታችሁ እስክትመለሱ ድረስ ከእጃችሁ አይውጣ። «የኔ ውሻ እኮ አይነካም» የሚለውን ወሬ ተዉት። ሰፈር ውስጥ ድመት የማያባርር ውሻ እንኳ በግ ሲሮጥ ካየ ጠባዩ ይለወጣል፣ ከዚያ ከእረኛው ጋር የምትከራከሩት እናንተ ናችሁ፣ ጥፋተኞቹም እናንተ ናችሁ። ሁለት ሜትር ገደማ ጠንካራ ገመድ ይበቃል። ሰንሰለት ይከብዳል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልወሰደ ውሻ ይዛችሁ አትውጡ። ክትባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቢያንስ ከወር በፊት ይሰጠው፣ በማግስቱ አይሠራም። ሳሙናም ያዙ። ማንኛውም ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ነገ ይባላል እንዴ? አይባልም።

ጊዜው ከጥቅምት ወዲህ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ጭቃውና ጉሙ አያስኬድም። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከኮምቦልቻ የምትመጡ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ብቻ ከ600 ሜትር በላይ ጨምራችኋል። አብሽሩ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ማልዳችሁ ተነሱ። ውሻ እንደ ሰው አያልበውም፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ምላሱ በጣም ረዝሞ መራመድ ከጠላ ጥላ ፈልጉለት፣ ውሃ አጠጡት፣ ሆዱንና እግሩን አርጥቡለት። ካልተሻለው ተመለሱ፣ ጦሳ የትም አይሄድም።

የገጠር ውሻ ሥራው ቤት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ቤት ስታዩ ከሩቅ ቁሙና «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» በሉ። ሰው እስኪወጣ ጠብቁ፣ በምንም ተአምር አትሩጡ። ከመጣባችሁ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻ ይመልሰዋል። የራሳችሁን ውሻ ከኋላችሁ አድርጉት።

አገሩ ወሎ ነው፣ ይህን አትርሱ። ለብዙ ሙስሊም የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው፣ ልብሱን ከነካው ለሶላት መታጠብ ሊኖርበት ነው። ሰው ሲያልፍ ገመዱን ሰብስባችሁ ከመንገድ ወጣ በሉ። ሰው ጀሪካን ከሚቀዳበት ምንጭ ውሻ አይጠጣም፣ በራሱ ሳህን ቅዱለት። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም አይገባም። ቡና ጠጡ ከተባላችሁ (ትባላላችሁ!) ውሻውን ደጅ ካለ ዛፍ ጋር እሰሩት እንጂ ይዛችሁት አትግቡ።

እንደ አልፕስ ተራሮች ትኩስ ሾርባ የሚያቀርብ የተራራ ማረፊያ ቤት አትጠብቁ። ለእናንተ ቆሎና ዳቦ ይበቃል። 20 ኪሎ ለሚሆን ውሻ 2 ሊትር ውሃ ለብቻው ያዙ። ከምትበሉት ወጥ አታጉርሱት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛሉ፣ ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ። ደረቅ እንጀራና የተቀቀለ ሥጋ አጥንቱ ወጥቶ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ የተጣለ የበግ ጉበት ወይም ሳንባ ካየ ጎትቱት። በጥሬው ከበላው የሆድ ትል ሊይዘው ይችላል፣ ያ ትል ደግሞ ወደ ሰው ተላልፎ ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ያወጣል።

ዝንጀሮ ካያችሁ አቅጣጫ ቀይሩ። ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ ጥርሱ ረጅም ነው፣ መንጋውም አብሮት አለ፣ ውሻችሁ ምንም ጀግና ቢሆን አይችለውም። ጀንበር ሳትጠልቅም ከተማ ግቡ፣ ሲመሽ ጅብ ይወጣል።

ቤት ስትገቡ ጣቶቹ መካከል እሾህ ፈልጉ። ጆሮው ሥር፣ ብብቱና አንገቱ ላይ ደግሞ መዥገር። በጣታችሁ አትጨፍልቁት፣ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።