ፓይተን 3.15 ሳይወጣ የአማርኛ ፋይሎቻችሁን እንዴት ትፈትሹበታላችሁ

ፓይተን 3.15 ገና እየተሰራ ያለ የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ቨርዥን ነው፣ የመጀመሪያው አልፋ (ገና ያልበሰለ የሙከራ ቨርዥን) በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 ወጣ፣ ዋናው ደሞ በፕላኑ መሰረት ኦክቶበር 2026 ላይ ነው ሚለቀቀው። ብዙ ሰው "ሲያልቅ አወርደዋለሁ" ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላ ቨርዥን ቢሆን እኔም ዝም እል ነበር። ይሄኛውን ግን ባህር ዳር ሁኑ ደብረ ማርቆስ ወይ ቡሬ፣ በፓይተን አማርኛ ምታነቡና ምትጽፉ ሁሉ ካሁኑ ብትሞክሩት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ውስጡ የኛን ፊደል በቀጥታ ሚነካ ለውጥ አለ።

ለውጡ ምን መሰላችሁ፣ እስከ 3.14 ድረስ ፋይል ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ቁጥር ተቀይሮ ሚቀመጥበትን ሰንጠረዥ) ካልነገራችሁት ፓይተን ኮምፒውተሩ የያዘውን ነው ሚከተለው። ሊኑክስና ማክ ላይ ያው ዩቲኤፍ-8 (የኛንም ጨምሮ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል ሚይዘው ኢንኮዲንግ) ስለሆነ ብዙም ችግር የለም። ዊንዶውስ ላይ ግን፣ በተለይ እኛ ጋ እንደለመድነው በእንግሊዝኛ የተጫነ ከሆነ፣ 1252 ሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ይይዛል፣ እዛ ውስጥ ደሞ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። 3.15 ላይ ዲፎልቱ (ምንም ካልነገራችሁት ሚይዘው) በሁሉም ኮምፒውተር ዩቲኤፍ-8 ይሆናል። ውሳኔው ፔፕ 686 በሚባለው የፓይተን ለውጥ ሃሳብ ሰነድ ላይ ነው ያለው።

አሁን ያለው ችግር ለምን አንዴ እየታየ አንዴ እንደሚጠፋ ካወቃችሁ ፍተሻው ራሱ ይቀላችኋል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። 1252 ላይ ደሞ ምንም ያልተመደበባቸው 5 ባዶ ቦታዎች አሉ። ከፊደሉ ባይቶች አንዱ ባዶ ቦታ ላይ ካረፈ ፓይተን ኤረር ሰጥቶ ይቆማል፣ ካላረፈ ግን ምንም ሳይል የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ አድርጎ ያነበዋል። ለምሳሌ የእህል ዋጋ የጻፋችሁበት ፋይል ውስጥ "በቆሎ" ካለ ያለ ኤረር ያልፋል፣ ግን ተበላሽቶ ነው ሚያልፈው፣ ርዝመቱን ብትጠይቁት 3 ሳይሆን 9 ይላችኋል። "ጤፍ" ላይ ሲደርስ ግን በ"ፍ" ምክንያት ቀጥ ይላል። "ሞጣ" ያልፋል፣ "ፍኖተ ሰላም" አያልፍም። የፀ፣ የፈና የፐ ቤተሰብ በሙሉ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም ጭምር፣ ከዛ ደሞ እነ "ም" እነ "ሁ" እነ "ሐ" ኤረር ያመጣሉ። "ጸሎት" በ"ጸ" ከተጻፈ ዝም ብሎ ይበላሻል፣ በ"ፀ" ከተጻፈ ይቆማል፣ ስለዚ ሁለት ልጆች ያንኑ ኮድ በየራሳቸው ፋይል ሞክረው አንዱ "ይሰራል" ሌላው "አይሰራም" ብለው ቢከራከሩ አይግረማችሁ።

ከሁለቱ ሚያስፈራው ኤረሩ አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ኤረር ቢያንስ ያስቆማችኋል። የተበላሸው ግን ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ፣ ተቆጥሮ፣ ሪፖርት ላይ ወጥቶ፣ ከወራት በኋላ የሰው ስም ፍለጋ ስትገቡ ነው ምታገኙት።

በሉ ወደ ስራው እንግባ። ኮማንዶቹን እዚህ በኛው ፊደል ነው ምጽፋቸው፣ እናንተ ስትተይቡ በላቲን ነው።

አዲሱን ገና ሳታወርዱ አሁን ባላችሁ ፓይተን ላይ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ግማሹ ስራ እዚሁ ያልቃል፣ ዳታም አይጠይቅም። 3.10 ወይ ከዛ በላይ ካላችሁ ፕሮግራማችሁን ስታስነሱ "ፓይተን" ብላችሁ ስፔስ፣ ከዛ ሰረዝና ትልቁ "ኤክስ"፣ ስፔስ፣ "ዋርን_ዲፎልት_ኢንኮዲንግ" (መሃሉ ላይ የታች ሰረዝ አለ)፣ ከዛ የፋይላችሁን ስም ጻፉ። ይሄ ኢንኮዲንግ ሳይነገረው ፋይል የተከፈተበትን ቦታ ሁሉ ከነ መስመር ቁጥሩ ያወጣላችኋል። የወጣውን ዝርዝር ወረቀት ላይም ቢሆን ያዙት፣ 3.15 ላይ ጸባያቸው ሊቀየር ሚችል መስመሮች እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ያንኑ ፕሮግራም በሰረዝ ትልቁ "ኤክስ"፣ ስፔስ፣ "ዩቲኤፍ8" አስነሱት። ይሄ ዩቲኤፍ-8 ሞድ የሚባለው ነው፣ ከ3.7 ጀምሮ አለ፣ 3.15 ያደረገው ነገር ቢኖር እሱን ዲፎልት ማድረግ ነው። እዚህ ላይ የተበላሸ ነገር 3.15 ላይም እንደሚበላሽ ጠብቁ።

ከዛ በኋላ ነው ራሱን 3.15ን ማምጣት። ዊንዶውስ ላይ ከፓይተን ዋና ሳይት ዳውንሎድ ገጽ ገብታችሁ ፕሪ-ሪሊዝ የሚለው ስር የቅርቡን ውሰዱ፣ ባለ 64 ቢቱ ኢንስቶለር ወደ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። ኔት በፈለጋችሁት ሰዓት ማይገኝበት ቦታ ከሆናችሁ አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ለሁሉም ያዳርስ፣ ኢንስቶለሩ ራሱ ኔት አይፈልግም። ስትጭኑት ከታች ያለችውን "ፓዝ ላይ ጨምር" ምትለዋን ሳጥን አትንኳት፣ ባዶ ትሁን። እሷን ከነካችሁ ሌላው ስራችሁ ሁሉ ባልበሰለው ቨርዥን መነሳት ይጀምራል። ከተጫነ በኋላ "ፓይ"፣ ስፔስ፣ ሰረዝ 3.15 ስትሉ አዲሱ ይነሳል፣ ሰረዝ 3.13 ስትሉ ደሞ የድሮው፣ ሁለቱ አይነካኩም። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ግን ከ3.8 በላይ አይሄድላችሁም፣ ከ3.13 ወዲህ ያለው ዊንዶውስ 10ና ከዛ በላይ ነው ሚፈልገው፣ ስለዚ ለዚህ ሙከራ ሌላ ማሽን ፈልጉ።

ኡቡንቱ ላይ ከሶርስ (ከምንጭ ኮዱ) ምትገነቡ ከሆነ መጨረሻ ላይ "ሜክ ኢንስቶል" እንዳትሉ፣ "ሜክ አልትኢንስቶል" በሉ። የመጀመሪያው "ፓይተን3" ሚለውን ስም ለአዲሱ ይሰጠዋል፣ አልትኢንስቶል ግን "ፓይተን3.15" ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ኡቡንቱ ራሱ ብዙ ነገሩን በፓይተን ስለሚሰራ የሲስተሙን ፓይተን መንካት ትልቅ ጣጣ ነው። ደግሞም ሊኑክስ ላይ ፊደሉ ድሮም ስለማያስቸግር ለዚህ ለውጥ ዋናው መፈተሻ ዊንዶውስ ነው።

ሁሌም በቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (ከሌላው ስራችሁ ተለይቶ ሚቀመጥ የፓይተን ፎልደር) ስሩ። አዲስ ፎልደር ክፈቱ፣ "ፓይ ሰረዝ 3.15 ሰረዝ ኤም ቬንቭ ሙከራ" በሉ፣ አክቲቬት አድርጉት፣ የፋይሎቻችሁን ኮፒ እዛ አስገቡ። ኮፒ ነው ምላችሁ፣ ዋናውን የተማሪ ዝርዝር ወይ የደንበኛ መዝገብ በአልፋ ቨርዥን አትንኩ።

እንደ ፓንዳስና ኑምፓይ ያሉ ትልልቅ ላይብረሪዎች ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል። አልፋ ላይ ለ3.15 ተብሎ ተዘጋጅቶ ያለቀ ፓኬጅ ብዙ ጊዜ አይኖርም፣ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) ከሶርስ ልገንባ ይልና ኮምፓይለር ፍለጋ ይገባል፣ በዛው ይወድቃል። ሪሊዝ ካንዲዴት (ከዋናው በፊት ያለው የመጨረሻ የሙከራ ደረጃ) ሲደርስ ይሻላል፣ ከዛ በኋላ የውስጡ አሰራር ስለማይቀየር የላይብረሪ ሰሪዎቹ ሚያዘጋጁት ፓኬጅ ለዋናውም ያገለግላል። እስከዛው ከፓይተን ጋር አብረው በመጡት በእነ "ሲኤስቪ"ና "ጄሶን" ብቻ ምትሰሩትን ክፍል ፈትሹ፣ ለፊደል ጉዳይ እሱ ይበቃል። ፓኬጁ ሲገኝ ደሞ ኔት ያለበት ቦታ ላይ በ"ፒፕ ዳውንሎድ" ወደ ፎልደር አውርዳችሁ በፍላሽ ወስዳችሁ መጫን ትችላላችሁ፣ ግን ያወረዳችሁበት ማሽንም ፓይተኑ 3.15 ይሁን፣ አለዚያ ማይሆናችሁን ፋይል ነው ሚያወርድላችሁ።

አሁን ምን ምን ነው ምታዩት። ዩቲኤፍ-8 ሆኖ የተቀመጠ አማርኛ ሁሉ ያለምንም ተጨማሪ ነገር በትክክል መነበብ አለበት፣ መጻፍም እንደዛው። እስከዛሬ አማርኛ ወደ ፋይል ልጻፍ ሲል "ቻርማፕ" እያለ ይወድቅ የነበረው ኮድ መስራት አለበት። ተቃራኒውም አለ፣ እሱን በደንብ እዩት። ድሮ በ1252 የተቀመጠ፣ አክሰንት ያለው የፈረንሳይኛ ስም ምናምን ያለበት ፋይል ካላችሁ እስከዛሬ ይነበብ ነበር፣ 3.15 ላይ ኤረር ይሰጣል። መፍትሄው ፋይሉ ሚከፈትበት መስመር ላይ ኢንኮዲንጉን በግልጽ "ሲፒ1252" ብሎ መጻፍ ነው፣ ወይ የኮምፒውተሩን ተከተል ለማለት "ሎካል" (በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ላይ "ኢ" አለ) ማለት ይቻላል፣ ይሄኛው ከ3.10 ጀምሮ ነው።

ኤክሴል ደሞ የራሱ ጸባይ አለው። አማርኛ ያለበትን ሺት ተራውን ሲኤስቪ ብላችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ ፊደሉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው ሚቀመጠው፣ እሱን የትኛውም ፓይተን አይመልሰውም። ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። እሱም ቢሆን ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባል ማይታይ ምልክት ያስቀምጣል፣ የመጀመሪያው ኮለም ስም "ስም" መስሎ እየታያችሁ ኮዱ "እንደዚህ የሚባል ኮለም የለም" ካላችሁ ጥፋቱ እሱ ነው፣ ኢንኮዲንጉን "ዩቲኤፍ-8-ሲግ" ብትሉት ይጠፋል። 3.15 ይሄን በራሱ አያስተካክልላችሁም። በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ሰነዶችም እንደዛው፣ እነሱ መጀመሪያውንም ዩኒኮድ አይደሉም፣ መቀየሪያ ያስፈልጋቸዋል።

ሌላው መታየት ያለበት ፕሮግራማችሁ ሌላ የዊንዶውስ ኮማንድ አስነስቶ ውጤቱን እንደ ጽሑፍ ሚያነብበት ቦታ ነው። እሱም ዩቲኤፍ-8 ነው ብሎ ስለሚያነብ፣ ኮማንዱ በሌላ ኢንኮዲንግ ካወጣ ይበላሻል። በጣም ከቸገራችሁ ሰረዝ ትልቁ "ኤክስ" "ዩቲኤፍ8=0" ብላችሁ የድሮውን ጸባይ መመለስ ይቻላል፣ ግን ይሄን ጊዜያዊ አድርጉት፣ ዘላቂው እያንዳንዱ ፋይል መክፈቻ ላይ ኢንኮዲንግ መጻፍ ነው። እንደዛ የተጻፈ ኮድ 3.8 ላይም 3.15 ላይም አንድ አይነት ነው ሚሰራው።

ከ3.11 ወይ ከዛ በፊት ካለው ዘላችሁ ምትመጡ ሌላም ይጠብቃችኋል፣ 3.12 ላይ "ዲስትዩቲልስ" ወጥቷል፣ 3.13 ላይ ደሞ እነ "ሲጂአይ"ን እነ "ቴልኔትሊብ"ን ጨምሮ 19 የቆዩ ሞጁሎች ተነስተዋል። 3.15 ከጨመራቸው ውስጥ "ሌዚ ኢምፖርት" ቆንጆ ነገር ነው፣ "ኢምፖርት" ከሚለው ፊት "ሌዚ" ስትሉበት ሞጁሉ ሚጫነው እስክትጠቀሙበት ጠብቆ ነው፣ ቀርፋፋ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ሞጁል ሚጠራ ፕሮግራም ቶሎ ይነሳል። ፋንክሽን ውስጥ ግን አይሰራም፣ ከላይ ዋናው ደረጃ ላይ ብቻ ነው።

ስህተት ስታገኙ ዝም አትበሉ፣ ይሄን ከልቤ ነው ምላችሁ። የኛን ፊደል ዊንዶውስ ላይ በየቀኑ ሚጠቀመው እኛው ነን፣ እኛ ካልነገርናቸው ማንም አያይልንም። መጀመሪያ ችግሩ 3.14 ላይም አለ ወይ ብላችሁ አወዳድሩ፣ ላይብረሪ ከሆነ ለላይብረሪው ሰሪዎች፣ ራሱ ፓይተን ከሆነ ጊትሀብ ላይ "ሲፓይተን" በሚለው ፕሮጀክት ኢሹ (የስህተት ሪፖርት) ክፈቱ። ኮዱን እስከ አምስትና ስድስት መስመር አሳንሱት፣ ሙሉ ኤረሩን ኮፒ አድርጉ (ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ)፣ የዊንዶውሱንና የፓይተኑን ቨርዥን እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ጻፉ፣ ችግር ያመጣውን የአማርኛ ቃል ራሱን አስገቡ፣ አንባቢው ፊደሉን ስለማያውቀው የዩኒኮድ ቁጥሩንም አጠገቡ ጨምሩለት። ከቤታ 1 (ከአልፋዎቹ ቀጥሎ ሚመጣው ደረጃ) በኋላ አዲስ ነገር አይገባም፣ ባግ ማረም ብቻ ነው ሚሆነው፣ የመጨረሻዎቹ ካንዲዴቶች ላይ ደሞ በጣም ከባድ ካልሆነ አይነኩትም፣ ስለዚ ያገኛችሁትን እዛ ሳይደርስ አስገቡ።