«ደርሳለች» ከማለታችን በፊት

ባሕር ዳር፣ በተለይ ሐይቁ ዳር፣ ዕድሜን የምንገምተው በዓይን ነው። ታንኳ ሲቀዝፍ ክንዱ የጠነከረ ልጅ ካየን «ይሄማ ጎርምሷል» እንላለን። ልጅቷ ቁመት ካወጣች «ደርሳለች» ትባላለች። ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። «አካለ መጠን» የሚለው የሕግ ቃል ራሱ ሳያሳስተን አልቀረም፤ የሰውነት መጠን ይመስላል። ሕጉ የሚቆጥረው ግን ዓመት ነው፤ 18 ዓመት።

የዛሬ ሁለት ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ልትዳር ነው ተባለ። እናቷ «ከሚሌኒየሙ ሁለት ዓመት ቀድሜ ነው የወለድኳት» አሉ። እህታቸው አላመኑም። «ሚሌኒየሙ ሲከበር እርጉዝ ነበርሽ እኮ!» የክርስትና ካርዱ ከሣጥን ሥር ወጣ። እህትየው ልክ ነበሩ፤ ልጅቷ ገና 16 ዓመቷ ነው። ሰርጉ ቀረ። ካርዱ ባይገኝስ ኖሮ? እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

ሁለተኛው ስህተት «ቤተሰብ ከተስማማ ምን ችግር አለው?» የሚለው ነው። ድሮ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ፣ ወንዱ በ18 ማግባት ይችሉ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። ከባድ ምክንያት ሲኖር የፍትሕ ሚኒስትሩ እስከ ሁለት ዓመት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል እንጂ አባት ወይም ሽማግሌ አይችልም። ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ ከሕግ ውጭ ያገባ ሰው እስከ 3 ዓመት ይታሰራል። ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት። ጠላው ተጠምቋል፣ ዳስ ተጥሏል ብሎ ነገር ሰበብ አይሆንም።

የቀን አቆጣጠር ማምታታትም አለ። ወረቀት ላይ «2000» ተብሎ የተጻፈውን አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ካነበበው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ይመጣል። ስለዚህ «ዓ.ም.» መሆኑን ጠይቁ። ልጅ ሲወለድ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። የልደት የምስክር ወረቀት ካለ እናትና አክስት አይከራከሩም።

«ገና ልጅ ነው፣ ሕግ አይነካውም» የሚሉም አሉ። ይህ የሚሠራው 9 ዓመት ላልሞላው ብቻ ነው። ከ9 እስከ 15 ያለው ለፍርድ ይቀርባል፤ የሚወሰድበት እርምጃ ግን ከአዋቂ የተለየ ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞት ግን አይፈረድበትም። ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ ይህን ዛሬ ማታ ንገሩት።

ሥራ ላይ ደግሞ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። የሐይቁ ዳር ምግብ ቤቶች ባለቤቶች፣ እባካችሁ፣ ማታ ሳህን የሚያጥበውን ልጅ ዕድሜውን ጠይቁት።

በመጨረሻ፣ 18 ሁሉን በር አይከፍትም። መምረጥ በ18 ነው፤ ለመመረጥ ግን 21 መሙላት አለበት። ቢራና ሲጋራም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አይሸጥም።